የዓሣው ሀብትና የተከፋፈለው ዕውቀት፤ ከሰሜን አትላንቲክ የሥልጠና ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በአንድ የዕውቀት ዘርፍ ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ ብዙ ሕዝብ የሚተዳደርበትን የተፈጥሮ ሀብት ከጥፋት ለማዳን ይችላልን? የሰሜን አትላንቲክ የዓሣ ሀብት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰሜን ባሕሮች ጥናት የቆየ መሠረት አለው። ዓለም አቀፉ የባሕር ጥናት ምክር ቤት በ1902 በኮፐንሃገን ተቋቋመ። ኖርዌያዊው ሊቅ ዮሃን ዮርትም በ1914 ባወጣው ጥናት፣ የዓሣ ምርት ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ የሚለው በየዓመቱ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች የሚተርፉት ብዛት ስለሚለያይ መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የሚመለከተው ዓሣውን እንጂ አጥማጁን፣ ገበያውንና ሕጉን አልነበረም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በኖርዌይ ባሕር የነበረው የሄሪንግ ዓሣ፣ በሞተር ኃይል የሚሳብ መረብና ዓሣን በድምፅ ሞገድ የሚያፈላልግ መሣሪያ በመስፋፋቱ ከልክ በላይ ተጠምዶ ተመናመነ። በ1972 የተቋቋመው የኖርዌይ የዓሣ ሀብት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ይህ ጉዳት ገና ባልተረሳበት ጊዜ ነበር። ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን በምትገኘው በትሮምሶ ከተማ የሚማረው ሠልጣኝ ባዮሎጂን፣ ቴክኖሎጂን፣ ኢኮኖሚክስንና ማኅበራዊ ሳይንስን አጣምሮ እንዲያጠና ተደረገ።

የተነጣጠለ ዕውቀት የሚያስከትለው ጉዳት ጎልቶ የታየው ግን በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው። በዚያ ኮድ የሚባለው ዓሣ በ1968 እስከ 800,000 ቶን ገደማ ተጠምዶ ነበር። ካናዳ በ1977 የዓሣ ማስገሪያ ክልሏን እስከ 200 የባሕር ማይል ካሰፋች በኋላ ሀብቱ እንደሚያገግም ተስፋ ተጣለ። ባለሙያዎች የክምችቱን መጠን ሲገምቱ በታላላቅ መረብ ጎታች መርከቦች ምርት ላይ በብዛት ተመረኮዙ፤ መርከቦቹ ግን ዓሣው የተሰበሰበበትን ሥፍራ እየተከተሉ ስለሚያጠምዱ፣ ክምችቱ እየሳሳ ሳለ ምርታቸው ያልቀነሰ ይመስል ነበር። በትናንሽ ጀልባ በባሕሩ ዳር የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ መሄዱን በ1980ዎቹ ደጋግመው ቢያመለክቱም፣ ቃላቸው እንደ ዕውቀት አልተቆጠረም። መንግሥት ሐምሌ 2 ቀን 1992 ማጥመድን አገደ፤ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው ሥራውን አጣ። ለ2 ዓመት ታስቦ የተጣለው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው።

ኖርዌይም ብትሆን ከችግር አላመለጠችም። በ1989 የባሕር ዳር ኮድ ማጥመድን በመካከሉ አስቁማ፣ በ1990 ለየጀልባው ኮታ ደለደለች፤ ክምችቱም በተከታዮቹ ዓመታት አገገመ። ይህን ውጤት ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል፤ የተፈጥሮ ሁኔታና ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረው የጋራ አስተዳደርም ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የተቀናጀ ሥልጠና አስፈላጊነት እየታመነበት ሄደ፤ አይስላንድም ከ1998 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችን በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ሥር ማሠልጠን ጀመረች።

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚተርፈው ቁም ነገር፣ የትምህርት ዓይነቶችን ቁጥር ማብዛት ብቻ ቅንጅት አለመሆኑ ነው። ቅንጅት የሚገኘው የተለያዩ ዘርፎች ተማሪዎች በአንድ ችግር ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ማስረጃ መመርመር ሲለማመዱ፣ በሥራው ላይ የኖረውንም ሰው ቃል ለመመዘን ሲበቁ ነው። ዕውቀት ተከፋፍሎ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው ፕላን አውጪው ሳይሆን ጀልባውን ወደ ዳር ስቦ የሚቀመጠው አጥማጅ ነውና።