የዘር ዓሣ

እ.ኤ.አ. በ1832 ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ተመራማሪ ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ከተማዋ ንጉሥ በስም ብቻ የሚቀመጥባት ሆና ነበር። ሩፔል ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነው። ብራና ይሰበስባል፣ ወፍ ይሰበስባል፣ ከጣና የወጣ ዓሣም ይሰበስባል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ግድም፣ ዓሦቹን እየሳለና እየገለጸ አሳተመ፤ ለአንዱ ወገንም ላቤኦባርበስ የሚል ስም አወጣለት። ለየዝርያው የሰጣቸው ስሞች ግን የአውሮፓ አይመስሉም፦ ነጂያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ። ከዚያው ውኃ ለገለጸው ለሌላ ዓሣ ደግሞ በሶ አለው። እነዚህን ስሞች ሳነብ አንድ የጎንደር ወይም የደንቢያ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲነግረው ይታየኛል።

ዛሬ ሳይንስ እነዚያን ስሞች ይዞ ቀጥሏል። እኛ ገበያ ላይ ሁሉንም ጠቅለን «ነጭ ዓሣ» እንላለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ነጭ ዓሣ ነው፤ በተለይም ስለ አንድ ጥያቄ። እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣን ዓሣ መንገዱ ላይ ጠብቆ መያዝ ከሌላው ማስገር ጋር እኩል ነው ወይ?

እኔ የአይከል ሰው ነኝ። አይከል ሐይቅ የለም። ጭልጋ ደጋ ነው፤ ጤፍና ገብስ፣ ከብት፣ ብርድ። «ዓሣ ምን አገባችሁ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባናል። አንደኛ፣ ከጭልጋ የሚወርደው ውኃ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ ከፊሉ ጓንግን ይዞ ወደ ሱዳን ሲፈስ፣ ወደ ደንቢያ የሚወርደው ጣና ይገባል። ሁለተኛ፣ ከጎንደር ወደ መተማ የሚሄደው መንገድ መሃላችንን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከጣና ዙሪያ ተሰብስቦ ለሱዳን ገበያ የሚጫነው የደረቀ ዓሣም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ደጃችን ላይ የሚያልፍ ነገር አያገባንም ማለት ይከብዳል።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ በጣም ጠለቀ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይዘልም። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ጣና ውስጥ የነበረው ነጭ ዓሣ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውንም ተባዛ፣ ተለያየ። ሆላንዳውያኑ ሊዮ ናጌልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ 15 ዝርያዎች ለይተዋል፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ ሌላው አፉ ወደ ላይ ያየ ነው፣ ሌላው ሰውነቱ እንደ ጦር የቀጠነ ነው። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ይህ የሚገርመው የካርፕ ዘመድ የሆነ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ ስለሌለው ነው። ጥርስ ሳይኖረው አዳኝ የሆነ ዓሣ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ የካርፕ ዘመዶች መንደር በዓለም ላይ ሌላ አንድ የታወቀ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ሚንዳናዎ ደሴት ላይ የሚገኘው የላናዎ ሐይቅ። ከውጭ የገባ ዓሣና ያለ ልክ ማስገር ጨረሱት። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ የላናዎ ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ። እንግዲህ የጣናው የቀረን ነው።

አሁን ወደ ክረምት እንምጣ። ሐምሌ ላይ ገባሮቹ ይሞላሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ በኛ በኩል ደግሞ መገጭና ድርማ። ነጭ ዓሣው የወንዙን ድፍርስ ውኃ ሲያገኝ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከዝርያዎቹ ቢያንስ 7ቱ ከዚያ ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃና ጠጠር ያለበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ እንቁላላቸውን ጠጠሩ መሃል ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ነገሩ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚጠነክረው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በመገጭና በድርማ ላይ አሳይቷል። ደንቢያን አቋርጠው የሚወርዱት እነዚህ ወንዞች ለዓሣው መንገዶችም የማዋለጃ ክፍሎችም ናቸው።

ሐይቁ ላይ ተበታትኖ የሚኖር ዓሣ ለመያዝ ያስቸግራል። ወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበ ግን አንድ መረብ ይበቃዋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ድሮ ጣና ላይ ማስገር የታንኳ ሥራ ነበር። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሁለት ሰው ይዞ ከዳር ብዙ አይርቅም። ይህን ጥበብ ይዘው የኖሩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ደገኛው በሥራቸውም በምግባቸውም ሲንቃቸው ኖሯል። በወንዞቹ ዳር ያለው ገበሬ ደግሞ የራሱ መንገድ ነበረው። የብርብራን ፍሬ አድርቆ ይፈጫል፣ ውኃው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱንም እናቱንም ያነሣል። የሆነ ሆኖ የሰው ቁጥር ትንሽ፣ ገበያው ቅርብ፣ መረቡ አጭር በነበረበት ዘመን ሐይቁ ቻለው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የሆላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሆነው የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራምን ጀመሩ። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ፣ ሥልጠና ተሰጠ። ከረሃቡ ገና ማገገሟ የነበረች አገር ናት፤ አጠገቧ ያለውን ምግብ ለሰው ላድርስ ማለት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓመት 39 ቶን የነበረው የዚህ የጀልባ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1997 360 ቶን ደረሰ። አሥር ዓመት ብቻ!

ከዚያ ቁጥሩ ወደ ታች መናገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ባለው ጊዜ አንድ ጀልባ በአንድ ጉዞ በአማካይ 63 ኪሎ ነጭ ዓሣ ይዞ ይመለስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 28 ኪሎ ሆነ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በአሥር ዓመት ውስጥ በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሱ አሳዩ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የጫጩቶቹ ነው፤ 90 በመቶ ያህል። አንድ ሕዝብ ሽማግሌው ብቻ ቀርቶ ሕፃን ከሌለው ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ወንዝ አፍ ላይ በሚዘረጋው መረብና ወንዙ ውስጥ በሚበተነው መርዝ። ሐይቁ ውስጥ የሚኖረው ዓሣ ዘግይቶ ነው ለመራባት የሚደርሰው፤ ስለዚህ የአንድ ክረምት ጥፋት በሚቀጥለው ክረምት አይጠገንም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ሰሜን አሜሪካ ያለ አንድ ክርክር አገኘሁ። መስኪ የሚባል ትልቅ አዳኝ ዓሣ አላቸው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እሱም ዘግይቶ የሚደርስ ነው። መንግሥታቱ አንዳንድ ሐይቆችን የወላጅ ዓሣ ማኖሪያ ያደርጋሉ። በፀደይ እናቶቹን በመረብ ይይዛሉ፣ እንቁላሉን ይወስዳሉ፣ ዓሣዎቹን መልሰው ይለቃሉ፤ ጫጩቱ ማራቢያ ጣቢያ ያድግና ወደ ሌሎች ሐይቆች ይበተናል። ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ለመዝናናት መስኪ ማጥመድ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። መልሼ እለቀዋለሁ የሚል አለ። ቢለቀቅም ይጎዳል፣ ያ አንድ ዓሣ የብዙ ሐይቅ እናት ነው የሚል አለ።

የኛ ጉዳይ ከነሱ በሁለት ነገር ይለያል። እነሱ ጋ አንድ እናት ዓሣ ብትሞት ማራቢያ ጣቢያ አለ፣ ሌላ ሐይቅ አለ። ለጣና ነጭ ዓሣ መተኪያ ሐይቅ የለም፤ ማዋለጃውም ወንዙ ራሱ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ እነሱ የሚከራከሩት ስለ መዝናኛ ነው፤ እኛ ስለ ራት ነው። ከባዱም ይኼኛው ነው።

ገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ሥነ ምግባሩ አዲስ አይደለም። የዘር እህል ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ እንግዳ ቢመጣም፣ ድግስ ቢደርስም አይነካም። ያው ጤፍ ነው፣ ያው ገብስ ነው፤ ግን ስሙ ተለውጧል፤ ዘር ሆኗል። ጥር ላይ ሐይቅ መሃል የተያዘ ነጭ ዓሣና ነሐሴ ላይ መገጭ አፍ ላይ የተያዘ ነጭ ዓሣም እንደዚሁ ናቸው። ሚዛን ላይ እኩል ይመዝናሉ፤ ሁለተኛው ግን ዘር ነው።

ይህን ደንቢያ ለሚኖር አጎቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ልክ ነህ ልጄ» አለኝ። «ግን የኔ ጎተራ የሚጎድለው መቼ ነው? ነሐሴ ላይ አይደል? ዓሣውስ የሚመጣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነሐሴ ላይ ነው አጎቴ» አልኩት።

«እንግዲያ የዘር እህልም ቢሆን የቸገረ ጊዜ ይበላል። የበላውን ሰው ግን ማንም ሌባ አይለውም። መስከረም ላይ ዘር የሚያበድረው ጎረቤት ነው የሚፈልገው።»

ይህን መልስ ብዙ አሰብኩበት። ክረምት የገበሬው የረሃብ ወቅት ነው፤ አዝመራው ገና ነው፣ ያለፈው አልቋል። ዓሣው ደግሞ በዚያው ሰሞን በራፉ ድረስ ይመጣለታል። በዚህ ሰው ላይ ብቻ ቆሞ «አትያዝ» ማለት ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይመስለኝም።

ሕጉስ አለ። የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው። ግን አዋጁ ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚያገኘው ማንን ነው? የጨረታ ነጋዴውን አይደለም፣ ባለ መኪናውን አይደለም፣ ሆቴል ቁጭ ብለን የምናዝዘውን እኛንም አይደለም። የሚያገኘው ታንኳ ላይ ያለውን ሰውና መረቡን ነው። መረቡ ይነጠቃል፤ ገበያው ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በርካሽ የናይለን መረብ ሌላ ሰው ይተካል።

እዚህ ላይ የፍልሰታ ጾምም አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣበት ሰሞን ማለት ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ዓሣ ለጾም የሚበላ ሰው ግን አንድ ነገር ቢያስብ ደስ ይለኛል፤ በነዚያ 15 ቀናት ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ነጭ ዓሣ ከየት እንደመጣ። ጾም ከሚያስፈልገው በታች መውሰድን የሚያስተምር ከሆነ፣ የዘር ዓሣን መተው ከዚያ ትምህርት የሚርቅ አይደለም።

የመረቡ ጉዳይ ብቻውን እንዳልሆነም አውቃለሁ። ከወንዙ ጠጠርና አሸዋ እየተጫነ ለግንባታ ይሄዳል፤ እንቁላሉ የሚያርፍበት አልጋ ማለት ነው። ርብ ላይ ግድብ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በመጀመሪያ የታየው መገጭ ሐይቁን በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈርም ጠጠሩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ አፈር ውስጥ የኛ የጭልጋ ማሳ ድርሻ አለበት። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ ወንዝ አፉን ለሁለት ወር መተው የሚፈልገው የሚካስ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ይኸው ነው። እኩል አይደለም፤ የዘር ዓሣ መያዝ ስህተት ነው። ግን ዕዳው የአስጋሪው ብቻ አይደለም። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዝ አፉ ይዘጋ ካልን፣ በነዚያ ወራት የአስጋሪውን ቤት የሚይዝ ነገር ከዓሣው ከሚጠቀመው ሁሉ መዋጣት አለበት፤ ከነጋዴው፣ ከሆቴሉ፣ መተማን ከሚያልፈው ጭነት ከሚሰበሰበው ቀረጥ። እኛም የምንችለው አለ። ነሐሴ ላይ ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር ዓሣ ስታዝዙ «ነጭ ዓሣ ነው? ከየት ነው የተያዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ላያውቅ ይችላል። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቀው ግን ኩሽና ገብቶ ይጠይቃል፤ ኩሽናው ነጋዴውን ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጥያቄው ታንኳ ላይ ካለው ሰው ትከሻ ትንሽ ይወርዳል፤ አጎቴ ያለው ዘር አበዳሪ ጎረቤትም ከዚያ ነው የሚጀምረው።