ጊታር፣ ጣትና ዕለት፤ ስለ ጀማሪዎች ጽናት ጥቂት ታሪክ

ጊታር የሚጀምር ብዙ ነው፤ የሚዘልቅበት ግን ጥቂት ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በየመኝታ ክፍሉ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ የተጋደመውን ጊታር መቁጠር ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ያልፋል። በሁለተኛው ጣት ይቆስላል። በሦስተኛው ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ለመሻገር ጣቶች አንታዘዝም ይላሉ፤ ዘፈኑም በየመሃሉ እየተቆራረጠ የጎረቤት መሳቂያ ይሆናል። በአራተኛው ባለቤቱ «በቃ፣ እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ይልና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ፍርዱ ትክክል ከሆነ ሙዚቃ የተወለዱላት የጥቂቶች ንብረት ናት፤ የቀረነው ስናዳምጥ መኖር ነው። ትክክል ካልሆነ ግን ብዙ ሰው በከንቱ ተስፋ እየቆረጠ ነው ማለት ነው። ጉዳዩ ቀላል ስላልሆነ እስቲ ታሪክን እንጠይቅ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የምናውቀው ባለ ስድስት ነጠላ ክር ጊታር መልኩን የያዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ፓሪስና ቪየና ባሉ ከተሞች ብዙ ወዳጅ አፍርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በራቸውን በቀላሉ አልከፈቱለትም። የፓሪስ ኮንሰርቫቷር የተመሠረተው በ1795 ሲሆን፣ የጊታር ክፍል የከፈተው በ1969 ነው። ልብ እንበል፤ መሃሉ 174 ዓመት ነው! በዚህ ሁሉ ዘመን የቫዮሊን ተማሪ ክፍል፣ ፈተናና የሚቆጣው መምህር ነበረው። የጊታር ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ ከራሱ ጋር ይታገል ነበር። ስለዚህ ዛሬ በሩን ዘግቶ የሚለማመድ ጀማሪ የሚሰማው ብቸኝነት የእሱ ጉድለት አይደለም፤ ከመሣሪያው ታሪክ ጋር አብሮ የመጣ ነው። «ማን ያየኛል? ዛሬ ብተወውስ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው።

ታዲያ የዚያን ጊዜ መምህራን ይህን ችግር እንዴት ያዙት? መጀመሪያ ማውሮ ጁሊያኒን እንይ። ይህ በ1781 የተወለደ ጣሊያናዊ በ1806 ወደ ቪየና ሄዶ ስመ ጥር ሆነ። በ1812 ኦፐስ 1 ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለቀኝ እጅ ብቻ የተዘጋጁ 120 አጫጭር መልመጃዎች አሉ። የሚገርመው ግን 120ዎቹም የሚመላለሱት በሁለት ኮርዶች ላይ ብቻ ነው። ጁሊያኒ ሌላ ኮርድ ጠፍቶት ነውን? በጭራሽ። ግራ እጅ ቀላል ሥራ ይዞ ሲያርፍ ቀኝ እጅ አንድ ነገር ብቻ እንዲማር አስቦ ነው። ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ የመጣበት ጀማሪ እንደሚሸሽ፣ አንድ ችግር የመጣበት ግን እንደሚቆም ሰውየው ገብቶታል።

ሁለተኛው ፈርናንዶ ሶር ነው። በ1778 ባርሴሎና ተወልዶ፣ የፈረንሳይ ጦር ከስፔን ሲወጣ በ1813 አገሩን ለቆ፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በሞስኮ የኖረ ስደተኛ ነው። የሶርን የመልመጃ መጻሕፍት በየተራቸው የደረደረ ሰው አንድ ነገር ያያል። ኦፐስ 6 የተባሉት የቀደሙት 12 መልመጃዎች ለሠለጠነ እጅ የተጻፉ ናቸው። በ1828 የወጡት ኦፐስ 31 እና ኦፐስ 35 እያንዳንዳቸው 24 ቁራጭ ይዘው ወደ ተማሪው ቀረብ ይላሉ። በ1839 ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ያወጣው ኦፐስ 60 ደግሞ 25 ትምህርቶች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያዎቹን ማንም ጀማሪ ሊሞክራቸው ይችላል። ሰው እያደገ ሲሄድ የሚጽፈው እየከበደ ይሄዳል ብለን እንጠብቃለን፤ ሶር ግን ዕድሜው በገፋ ቁጥር ወደ ጀማሪው ወረደ። ደግሞም ቀላሎቹ ቁርጥራጮች ዜማ እንጂ ደረቅ የጣት ስፖርት አይደሉም። ተማሪው በትንሿ ችሎታው እንኳ ሙዚቃ እንዲሰማ ተደርጎለታል። ነገ ጊታሩን እንደገና እንዲያነሣ የሚያደርገው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሶር ክሩን የሚመታው በጣቱ ሥጋ ነበር፤ ዲዮኒስዮ አጉዋዶ የተባለው ወዳጁ ደግሞ በጥፍሩ። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም፤ ሆኖም ፓሪስ ውስጥ በአንድ ቤት ኖረዋል፤ ሶር «ሁለቱ ወዳጆች» ብሎ ለሁለት ጊታር የጻፈው ሥራም አለ። ዛሬ ስንቱ ጀማሪ ነው «ጥፍር ላሳድግ ወይስ ልቁረጥ? ይህ ክር ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለ ልምምዱን ለነገ የሚያሳድረው!

አሁን ውቅያኖሱን ተሻግረን ወደ አሜሪካ ደቡብ እንሂድ። በ1911 ሚሲሲፒ ውስጥ ሄዝልኸርስት በምትባል ቦታ የተወለደው ሮበርት ጆንሰን በ1936ና በ1937 ብቻ 29 ዘፈኖች ቀርጾ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ስለ እሱ የሚወራው ወሬ መንገድ መስቀለኛ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታርን በአንድ ሌሊት አወቀ የሚል ነው። ታላቁ የብሉዝ ሰው ሰን ሃውስ እንደተናገረው፣ ጆንሰን መጀመሪያ ጊታር ሲነካ ሰው ይማረር ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሲመለስ ግን ሁሉን አስደነቀ። መሃሉ ላይ ምን ሆነ? ጆንሰን ወደ ትውልድ ቦታው አካባቢ ሄዶ አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታር ተጫዋች ዘንድ ተቀምጦ ተምሯል። የዚመርማን ቤተሰብ እንደመሰከረው ሁለቱ ሌሊት ሌሊት መቃብር ሥፍራ ሄደው ይለማመዱ ነበር። እንግዲህ የሰይጣኑ ምስጢር ይህ ነው፤ አንድ ጥሩ መምህርና ሰው የማያየው ልምምድ።

የእኛስ አገር ከዚህ ነፃ ነውን? ቅኔ የገባውን ወይም ዜማ የዘለቀውን ተማሪ «አብሾ ጠጥቶ ነው እንጂ!» የሚል ወሬ ከጥንት አለ። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊቱን ቀለም ሲቀጽል የኖረባቸውን ዓመታት ግን የሚቆጥርለት የለም። አድማጭ የሚያየው ፍሬውን ነው፤ ቅጸላውን አያይም። ስለዚህም መሃሉን በሰይጣን ወይም በአብሾ ይሞላዋል። ዛሬ «ተሰጥኦ» የምንለውም ብዙ ጊዜ የዚሁ ወሬ ታናሽ ወንድም ነው። ሰው በተፈጥሮው ሁሉ እኩል ነው ማለታችን አይደለም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ነገር ግን በአራተኛው ሳምንት ላይ ይህን ሊለይ የሚችል ዳኛ የለም።

ጃንጎ ራይንሃርትን ደግሞ እናንሣ። በ1910 ቤልጅየም ውስጥ ከሮማ ሕዝብ የተወለደው ይህ ጊታር ተጫዋች በ1928 ጋሪ ቤቱ በእሳት ሲያያዝ ክፉኛ ተቃጠለ። የግራ እጁ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሠሩለትም። ብዙ ወራት ታሞ ሲተኛ ጊታሩን ይዞ በቀሩት ሁለት ጣቶች አዲስ አካሄድ ፈለገ። በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር ፓሪስ ውስጥ ያቋቋሙት ባለ አምስት ሰው ባንድ የጃዝን ታሪክ ለወጠ። ይህን የምናነሣው «አንተ አምስት ጣት ይዘህ» ብለን ጀማሪውን ለማሸማቀቅ አይደለም። የምንለው ራይንሃርት እንኳን፣ ያን ያህል ችሎታ እያለው፣ እንደገና ጀማሪ ሆኖ ነበር ነው።

«ለምን በየቀኑ? ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ብቀመጥስ?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሰጠን ሙዚቀኛ ሳይሆን ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ ትርጉም የለሽ ቃላትን ራሱ እያጠና የማስታወስ ኃይሉን መዘነ። ያገኘውም በሦስት ቀን ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ድግግሞሽ፣ በአንድ ቀን የተደረገውን 68 ድግግሞሽ ያህል ውጤት እንደሚሰጥ ነው። ቃልና ጣት አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ጣትም የራሱ ምክንያት አለው። የጣት ጫፍ ቆዳ የሚጠነክረው ጥቂት በጥቂት በየቀኑ ሲነካ ነው። በአንድ ቀን አራት ሰዓት የተጎዳ ጣት ሳምንቱን ሙሉ ክር ይፈራል፤ ለሳምንታት የተተወ ጣት ደግሞ ተመልሶ ይለሰልሳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለጀማሪው ምን እንውሰድለት? ከጁሊያኒ፣ በአንድ ቀን አንድ ችግር። ሁለት ኮርድ ይዞ መመላለስ ውርደት አይደለም። ከሶር፣ ትንሽም ቢሆን እውነተኛ ዜማ። በዚህ ረገድ እኛ ዕድለኞች ነን፤ የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነች ጀማሪው በሁለት ክር ላይ ፈልጎ ያገኛታል፤ ጆሮውም ከልጅነቱ ስለሚያውቃት ጣቱ ሲስት ወዲያው ይነግረዋል። ከጆንሰን፣ ከተቻለ አንድ የሚያሳይ ሰው፣ ከተቻለም አብሮ የሚለማመድ ጓደኛ። ከኤቢንግሃውስ፣ የቅዳሜን አራት ሰዓት ለሰባቱ ቀን ማካፈል። ሩብ ሰዓት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጊታሩም ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለማውረድ ወንበር የሚጠይቅ ጊታር ብዙ ቀን አይወርድምና።

በመጨረሻ አንድሬስ ሴጎቪያን እንጥቀስ። በ1893 ስፔን ውስጥ ሊናሬስ ተወለደ። በዘመኑ ጊታር የመጠጥ ቤት መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ስለነበር ዘመዶቹ አልወደዱለትም፤ ስለዚህ ራሱ መምህር ራሱ ተማሪ ሆኖ ተማረ። በ1909፣ በ16 ዓመቱ፣ ግራናዳ ከተማ ሕዝብ ፊት ቀረበ። በ1953 ባሳተመው የስኬል መጽሐፍ ተማሪ በቀን ሁለት ሰዓት ስኬል ቢለማመድ የእጁ አያያዝ እንደሚቃና መከረ። በ1987 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ እዚያው ዓመት ኮንሰርት አሳይቶ ነበር። ዓለም ሁሉ የመሰከረለት ሰው እስከ መጨረሻው ስኬል አልተወም፤ እኛ ግን በአራተኛው ሳምንት ራሳችን ላይ ፍርድ እንሰጣለን። ፍርዱ ይቆየን፤ ለዛሬ ሩብ ሰዓቷ ትበቃለች።