ሱቅ በደረቴ

አባቴ ንግድ የተማረው መርካቶ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት የካርቶን ሣጥን ነው። ማስቲካ፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር ይዞ ይዞር ነበር። ሱቅ በደረቴ ይባል ነበር።

መርካቶ ራሷ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተቆረቆረች ናት። ከጉራጌ አገር የመጡ ብዙ ወጣቶች ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥተው ባለመደብር የሆኑትም እዚያው ነው።

አባቴ ያልተሸጠለትን ዕቃ ደግሞ አይገዛም፤ ሦስት ሰው የጠየቀውን ግን ፈልጎ ያመጣል። መነሻ ካፒታሉ ዕቁብ ነበር። በየሳምንቱ ጣለ፤ ዕጣው ሲወጣለት ዋስ ጠርቶ ያለ ወለድ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ተቀበለ፤ አንድ በር ሱቅም ተከራየ።

ዛሬ ስታርትአፕ ልንጀምር ነው ብለው ለሚያማክሩኝ ወጣቶች ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሣጥኗን አንጠልጥሉ፤ የቀረውን ገበያው ይነግራችኋል።