ብርሃኑ በየት በኩል አመለጠ?

ጨጓራውን በኢንዶስኮፒ የታየ ሰው ጠይቁ፤ ቱቦውን መዋጥ ደስ የሚል ነገር እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ይሁን እንጂ ቱቦው ቢያንስ ይተጣጠፋል። በ1868 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራይቡርግ ከተማ የሰው ጨጓራ ለማየት ሲነሳ መሣሪያው ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ነበር። ይህን ማን ይውጣል? ኩስማውል ሰይፍ እየዋጠ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ፈልጎ አገኘ። ቱቦው ገባ፣ ብርሃኑ ግን አልበቃም።

በ1932 ሩዶልፍ ሺንድለር ከመሣሪያ ሠሪው ጌኦርግ ቮልፍ ጋር ሆኖ የታችኛው ግማሹ በመጠኑ የሚታጠፍ መመልከቻ አወጣ። ብዙ ትንንሽ ሌንሶች የተደረደሩበት ነው። ትልቅ እርምጃ ነበር፣ ግን የላይኛው ግማሹ አሁንም ደረቅ ብረት ነው፤ ከጨጓራውም ውስጥ የማይታዩ ጥጋጥጎች ቀሩ።

ትክክለኛው ሀሳብ ግን ከዚያ በፊት እዚያው ሙኒክ ውስጥ ተሞክሮ ነበር። በ1930 ሃይንሪሽ ላም የተባለ የሕክምና ተማሪ ቀጫጭን የብርጭቆ ክሮችን እንደ ችቦ አሰረና በአንዱ ጫፍ የአምፖል ሽቦ ምስል አስገብቶ በሌላው ጫፍ አየው። እያንዳንዱ ክር የምስሉን አንድ ነጥብ ይሸከማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ምስል እንዲያልፍ ከተፈለገ ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መያዝ አለባቸው። ከተዘበራረቁ የሚታየው የተበተነ ነጥብ ብቻ ነው። ለማብራት ብቻ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ምንም ለውጥ አያመጣም።

የላም ምስል ደብዛዛ ነበር። የፈጠራ መብት ሊያስመዘግብ ሲሞክርም ክላረንስ ሃንሰል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሀሳቡን ቀድሞ አስመዝግቦት አገኘው። ከዚያ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ላም አይሁዳዊ ስለነበር ወደ አሜሪካ ተሰደደና ቴክሳስ ውስጥ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ኖረ። የብርጭቆ ክሩም ነገር በዚያው ተረሳ።

ምስሉ ለምን ደበዘዘ? ብርሃን በክሩ ውስጥ የሚጓዘው ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ክሩ 1 ሜትር ርዝመትና 50 ማይክሮን ውፍረት ይኑረው፤ ብርሃኑ ደግሞ ከክሩ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን። እስኪወጣ ድረስ ከ7,000 ጊዜ በላይ ይነጥራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ንጥረት 99.9 በመቶው ቢተርፍ እንኳ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም! እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ራቁቱን ያለ ክር ደግሞ ቆሻሻም፣ የጣት ቅባትም፣ ጭረትም አያጣውም። ከሁሉ የባሰው ከጎረቤቱ ክር ጋር መነካካቱ ነው፤ በነካካው ቦታ ሁሉ ብርሃኑ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

በ1954 ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ እትም ላይ ሁለት ጽሑፎች ወጡ። ከለንደን ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ ምስል የሚያሳልፍ የክር ችቦ አቀረቡ፤ ክሮቻቸው ግን ራቁታቸውን ነበሩ። ከኔዘርላንድስ አብርሃም ቫን ሄል ክሩን በፕላስቲክ ሸፈነ፤ ሽፋኑን ያማከረው አሜሪካዊው ብራያን ኦብራየን ነው። በእኔ እይታ ቁልፉ የነበረው በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ ነው፣ ዝናውን የወሰደው ግን የመጀመሪያው ነው።

የለንደኑን ጽሑፍ አንብቦ የተነሳው ባሲል ሂርሾዊትዝ የተባለ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የጨጓራ ሐኪም ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፊዚክስ መምህሩ ዊልበር ፒተርስና ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ከሚማረው ላሪ ከርቲስ ጋር ተጣመረ። የቀለጠውን ብርጭቆ እየሳቡ የሚጠቀልሉበት ሲሊንደር የአጃ ማሸጊያ ካርቶን ነበር። ላቦራቶሪያችን ዕቃ የለውም ለምንል ተማሪዎች ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

በ1956 መጨረሻ ላይ ከርቲስ አንድ ነገር ሞከረ። ብርሃንን ይበልጥ የሚያዘገይ የብርጭቆ ዘንግ ወሰደ፣ ያነሰ በሚያዘገይ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከተተው፣ ሁለቱን አብሮ አቅልጦ እንደ ክር ሳባቸው። አሁን ብርሃኑ የሚነጥረው ማንም በማይነካው ቦታ፣ በሁለቱ ብርጭቆዎች መገናኛ ላይ ነው። ውጭው ቢቆሽሽ፣ ቢነካካ ግድ የለም። ፒተርስ ነገሩ ይሠራል ብሎ ብዙም አላመነም ነበር፤ ተማሪው ግን ሞክሮ አሳየው።

በየካቲት 1957 ሂርሾዊትዝ መሣሪያውን መጀመሪያ ራሱ ዋጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላም አንዲት ታካሚ አየበት። በ1960 ለገበያ ሲቀርብ ጫፉ ላይ ትንሽ አምፖል ነበረች። አምፖል ደግሞ ትሞቃለች፤ የሰው ጨጓራ ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ በ1960ዎቹ ውስጥ መብራቱ ወደ ውጭ ሳጥን ተወሰደና ብርሃኑ ብቻ በሌላ የክር ችቦ እንዲገባ ተደረገ። ቅደም ተከተል የማያስፈልገው ችቦ ያልኳችሁ ይሄኔ ሥራ አገኘ።

ከ1983 ጀምሮ ምስሉን የሚያነሳው ጫፉ ላይ ያለ የካሜራ ቺፕ መሆን ጀመረ። ምስል ተሸካሚ ክሮች ከአብዛኛው ኢንዶስኮፕ ወጡ፣ ብርሃን ተሸካሚዎቹ ግን በብዙዎቹ ውስጥ አሁንም አሉ። ድሮ ምስል የሚሸከም ክር ሲሰበር ሐኪሙ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያይ ነበር። ብርሃን የሚሸከም ሲሰበር ግን የሚታይ ነጥብ የለም፤ ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ዓይንም ይለምደዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለውን የብርሃን ገመድ የሚጠግን ባለሙያ አንዱን ጫፍ ወደ መስኮት አዙሮ በሌላው ጫፍ ስንት ጥቁር ነጥብ እንዳለ የሚያየው ለዚህ ነው።