የቦፓል የጋዝ አደጋ የድንገተኛ ሕክምና

በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት ርእሰ ከተማ በቦፓል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984፣ በዩኒየን ካርባይድ ኢንዲያ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ሜቲል አይሶሲያኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል የተጠራቀመበት ታንክ ውስጥ ውኃ ገባ። በተነሳው ኃይለኛ ኬሚካዊ አጸግብሮት 40 ቶን ገደማ መርዝ ወደ አየር ወጣ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ በአካባቢው ወደተጨናነቁት የድሆች መንደሮች ዘለቀ። የተኙት በሳልና በዓይን ቃጠሎ ነቁ፤ በሩጫ ሊያመልጡ የሞከሩት ደግሞ ትንፋሻቸው በፈጠነ ቁጥር የሚስቡት መርዝ በዛ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕሙማን ወደ ሐሚዲያ ሆስፒታል ይጎርፉ ጀመር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሺዎች ግቢውን አጥለቀለቁት። አልጋው ሲሞላ ኮሪደሩና ሜዳው መታከሚያ ሆነ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ለእርዳታ ተሰለፉ። ማድረግ የተቻለው ስቃይን ማስታገስ ነበር፦ ዓይንን ደጋግሞ በውኃ ማጠብና ጠብታ መጨመር፣ ኦክስጂን መስጠት፣ የመተንፈሻ ቧንቧን በሚከፍቱ መድኃኒቶችና በስቴሮይድ መርዳት። ሳንባቸው ውኃ የቋጠረ ብዙ ሕሙማን ግን በደረቅ መሬት ላይ እንደ ሰጠመ ሰው ታፍነው ሞቱ።

ከአልጋና ከመድኃኒት እጥረት በላይ የሐኪሞቹን እጅ ያሰረው የመረጃ እጦት ነው። የሚያክሙት መርዝ ምን እንደሆነ፣ ማርከሻ ይኑረው አይኑረው አያውቁም ነበር። ከፋብሪካው በኩል ያገኙት መልስ ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል እንጂ አይገድልም የሚል ነበር። እርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫ ላይ ማድረግ ጉዳቱን እንደሚቀንስ እንኳ ለነዋሪው አስቀድሞ የነገረው የለም። ይህች አንዲት ምክር ብዙ ሕይወት ባተረፈች ነበር።

አስከሬን የመረመሩት የፎረንሲክ ሐኪም ሂሬሽ ቻንድራ ደሙንና የውስጥ አካላቱን ከተለመደው በላይ ቀልተው በማግኘታቸው የሳያናይድ መመረዝን ጠረጠሩ፤ የሳያናይድ ማርከሻ የሆነው ሶዲየም ታዮሰልፌት በመርፌ እንዲሰጥም መከሩ። ሐሳቡ ብርቱ ክርክር አስነሳ። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1985 ቢደግፈውም መድኃኒቱ ለተጎጂው በስፋት አልተዳረሰም።

የግዛቱ መንግሥት ያረጋገጠው የሟቾች ቁጥር 3,787 ሲሆን ሌሎች ግምቶች ከዚህ እጅግ ይልቃሉ፤ ለጋዙ የተጋለጡት ከ500,000 በላይ ናቸው። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ በሳንባና በዓይን ሕመም ለዓመታት ተሰቃዩ። በ1996 የተቋቋመው የሳምባቭና ክሊኒክ ዘመናዊ ሕክምናን ከአዩርቬዳና ከዮጋ ጋር አጣምሮ በነጻ ያክማቸዋል።