የታካሚ አነጋገርና ስብዕና

በሥነ ልቦና ሕክምና ታካሚው ቃል የሚመርጥበትና ዓረፍተ ነገር የሚያዋቅርበት ልማድ ስለ ባሕርዩ የሚሰጠው ፍንጭ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ድብርት ያለባቸው ተማሪዎች በጽሑፋቸው «እኔ» የሚለውን ይበልጥ እንደሚደጋግሙ አሳይቷል።

ይህ «እኔ»ን የመቁጠር ልኬት ግን እንዳለ ወደ አማርኛ አይሻገርም። በአማርኛ «እኔ» ሳይባል ግሡ ባለቤቱን ይናገራል፤ ስሜት ሲነገርም ሰውየው ብዙ ጊዜ ተቀባይ ነው፦ «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»። ስለዚህ ራያ ውስጥ ባለችው በቆቦ ከተማ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ያለን ሰው ኃላፊነት የሚሸሽ አድርጎ መፈረጅ ትልቅ በደል ነው። ፍንጩ ያለው ከጋራው አነጋገር በሚለይበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ «ተናደድኩ» ማለት እየቻለ ሁልጊዜ «አናደዱኝ» የሚል፣ ወይም ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ሰው እኮ እንዲህ ነው» እያለ የሚያልፍ ታካሚ።

በራያ ከአማርኛ ጋር ትግርኛና ኦሮምኛም ይነገራሉ። አፉን በፈታበት ቋንቋ የማይታከም ሰው ቁጥብ ቢመስል፣ ቁጥብነቱ የባሕርይ ላይሆን ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ ጎድቷታል፤ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ ዝም የሚል ታካሚ ዝምታው ከሐዘንም ከፍርሃትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ስለ ስብዕናው ከመፍረዱ በፊት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።