ጠባሳ የመሰከረላቸው ተመላሽ

ዶክትሬቴን ይዤ ከዓመታት የባዕድ አገር ኑሮ በኋላ ስመለስ ዘመድ አዝማዱ «ምን ሆነህ መጣህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አሰብኩ።

መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ስትወድቅ በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ሐኪምም ሆኑ። በ1899 አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ አይችሉም ነበር። ቤተሰባቸው የለያቸው በገላቸው ጠባሳ ነው። ያም ሆኖ ወዲያው አልጸኑም፤ ሄደው ተመለሱ፤ ደግመውም ሄዱ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት በኃላፊነት መሩት፤ በኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ።

ውድ አንባቢ፣ መመለስ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም። ለሐኪም ወርቅነህ ጠባሳቸው የማን ልጅ እንደሆኑ መሰከረ፤ አገራቸው ግን ያወቀቻቸው በሥራቸው ነው። እኔ ዲግሪዬ ይመሰክርልኛል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።